የብሳናው ብዕርና የንጉሡ አራት ጣት

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፣ «ፍታው» በሉኝ። ኧረ ደህና አድርጋችሁ በሉኝ፣ ምሳ እንዳልበላ ሰው አታጉረምርሙ። እንደሱ ነው። አንቺም ጥግ ላይ የተቀመጥሽው፣ ሳቅሽን ለኋላ አቆዪው፤ ቦታው ሲደርስ እኔ እነግርሻለሁ።

እንስሳ በሚናገርበት፣ እንጨት በሚሟገትበት፣ የሰው ልጅ ገና ዝም ብሎ በሚያዳምጥበት በዚያ በደጉ ዘመን አንዲት ጃርት ነበረች። አገር ሁሉ እትዬ ጃርት ይላታል። ሥራዋ ከእንጨት ብዕር መሥራት ነው። እንጨቱን ትቆርጣለች፣ ልቡን በመሰርሰሪያ ትበሳለች፣ ቀለም ታጠጣዋለች፣ እንጨት በሚያሽከረክረው ቶርኖ ላይ አስራ ታሾረዋለች፣ እየሾረ በመሮ ትልጠዋለች፣ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሰዋለች፣ በመጨረሻም ሰም ቀብታ ታደርቀዋለች። በዚያ ዘመን ቶርኖ ነበረ ወይ ብላችሁ እንዳታቋርጡኝ። ጃርት ብዕር ትሠራለች ስላችሁ ዝም ብላችሁ ቶርኖው ላይ ስደርስ ምን አስነሣችሁ?

በእትዬ ጃርት መደርደሪያ ላይ ሦስት ቁራጭ እንጨቶች ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። አንዱ ጽድ ነው፤ ሽታው ደስ ይላል፣ ኩራቱ ደስ አይልም። ሁለተኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ ከተቆረጠ ሳምንት ያልሞላው፣ ገና እርጥብ፣ ግን ከሁሉ በፊት የሚያወራ። ሦስተኛው ብሳና ነው። ብሳና ነጣ ያለ፣ ጌጥ የሌለው፣ ቁራጭ ከመሆኑ በፊት የአንድ ጓሮ አጥር የነበረ እንጨት ነው። ተረቴ የሱ ነው።

ብሳና በዓለም ላይ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሳት። የዚያ ቤት ደንብ አጭር ነው። ብዕር ያልሆነ እንጨት ማገዶ ነው። ከመደርደሪያው ሥር ምድጃ አለ፤ ምድጃው ላይ እሜቴ ማሰሮ ተጥዳለች፤ እሜቴ ማሰሮ ውስጥ ጥላሸት፣ የዛገ ብረትና የግራር ቅርፊት አብረው ይፈላሉ፤ ጥቁር ቀለም የሚወጣው ከዚያ ነው። ብሳና ከአንድ አጥር አብረውት የመጡት ወንድሞቹ ወደዚያ ምድጃ ሲወርዱ አይቷል። አንዱ ስንጥቅ ተገኘበትና ወረደ። አንዱ ነቀዝ ነካውና ወረደ። አንዱ ደግሞ ምንም ሳይኖርበት፣ እሜቴ ማሰሮ ቶሎ አልፈላ ስላለች ብቻ ወረደ። ብሳና የማይረሳው ይኼኛውን ነው።

በዚያ ቤት እሳት የማይፈራ አንድ ብቻ አለ፤ አባ በርጩማ። አባ በርጩማ አንድ እግሩ የለም፣ ሌላውን ምስጥ በልቶታል፣ ቢቀመጡበት ይዞ ይወድቃል። ለማገዶ ከሱ የተሻለ በአገር አይገኝም። ነገር ግን ድሮ ንጉሥ አንበሳ በዚያ ሲያልፉ ዝናብ ይዟቸው ከእትዬ ጃርት ቤት ተጠልለው ነበር። ያን ጊዜ መዳፋቸውን አባ በርጩማ ላይ አሳርፈው፣ በጥፍራቸው አንድ ጭረት ጥለውበት ሄዱ። በአገሩ ሕግ ደግሞ ንጉሥ እጁን ያሳረፈበት ነገር እሳት አይነካውም።

አባ በርጩማ ይህን ታሪክ በየማለዳው ይተርካል። መጀመሪያ ንጉሡ መዳፋቸውን እንዳሳረፉበት ነበር የሚናገረው። ቆይቶ ተቀመጡብኝ አለ። ዘንድሮ ደግሞ ስለ አገር ጉዳይ አማክረውኛል ማለት ጀምሯል። ብሳና ግን ጭረቷን ብቻ እያየ ምራቁን ይውጥ ነበር። ምናለ እኔንም አንዴ ቢነኩኝ ይላል በልቡ።

ወደዚያ ቤት በየሳምንቱ ሐሙስ የሚመጣ እንግዳ ነበር። ብላታ ዝንጀሮ ይባላል፤ የንጉሡ ግቢ የግምጃ ቤት ሹም ነው። አንዲት ትንሽ ቅል በቅጠል ከድኖ ይመጣል፣ ከእሜቴ ማሰሮ ጥቁር ቀለም ያስቀዳል፣ መልሶ ከድኖ ይሄዳል። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ ለግቢው ጽሕፈት ነው ይላል። ግቢው በዓመት ሁለት ደብዳቤ ቢጽፍ ነው። ሁለት ደብዳቤ በየሳምንቱ አንድ ቅል ቀለም እንዴት እንደሚጨርስ እትዬ ጃርት ገርሟት ያውቃል፤ ግን የግቢ ነገር ነው ብላ ትታዋለች።

አንድ ሐሙስ ብላታ ዝንጀሮ ከቅሉ ጋር ወሬ ይዞ መጣ። ንጉሡ አዋጅ ሊያወጡ ነው። በአገሩ ሐሜት ተነሥቷል፤ በግቢው ውስጥ ተፈጥሯቸውን ደብቀው፣ ቀለም ተቀብተው የሚኖሩ አሉ ተብሎ። ንጉሡ ይህን ሰምተው ተቆጡ። ከእንግዲህ ከተፈጥሮ መልኩ ውጭ ቀለም የተቀባ ሁሉ፣ እንስሳም ቢሆን ዕቃ፣ ከግቢ ይባረር የሚል አዋጅ አስጻፉ። አዋጁ እሑድ ቀትር ላይ በአደባባይ ይፈረማል። የሚፈረምበት ብዕር ደግሞ ዞጲ ከሚባለው ጥቁር እንጨት የተሠራ፣ ልቡ ድረስ ጥቁር የሆነ መሆን አለበት ተብሏል።

እትዬ ጃርት ዞጲ በዚህ አገር እንደማይበቅል፣ ቆላ ወርዶ ለማምጣት ደርሶ መልስ ሃያ ቀን እንደሚፈልግ ነገረችው። ብላታ ዝንጀሮ በዚህ ምንም አልተቸገረም።

«እንግዲያው ያለሽን እንጨት አጥቁሪው» አላት።

የተቀባ ሁሉ ይባረር የሚለው አዋጅ በተቀባ ብዕር ይፈረም ማለቱ ነው። ሹም ሲባል እንዲህ ነው፤ ከአፉ የሚወጣውን ጆሮው አይሰማም።

እትዬ ጃርት ይህንንም በትሕትና ልታስረዳው ሞከረች። ቀለም እንግዳ ነው አለችው፤ ደጃፍ ለመድረስ አንድ ቀን ይበቃዋል፣ እልፍኝ ለመግባት ግን አርባ ቀን ይፈልጋል። እንጨቱ መጀመሪያ በደንብ መድረቅ አለበት። ከዚያ ቀለሙ ልቡ እስኪደርስ ይነከራል፤ ከዚያ እንደገና ይደርቃል። ቶርኖ ላይ የሚወጣው ያኔ ነው።

«ንጉሡ ልቡን አያዩም» አለ ብላታ ዝንጀሮ። «የሚይዙት ላዩን ነው። እሑድ ጥቁር ብዕር ካላመጣሽ ይህ ቤት ይዘጋል።» ቅሉን ከድኖ ሄደ።

መደርደሪያው ላይ ያሉት ሦስቱ ሁሉንም ሰምተዋል። ጽድ የንጉሥ ብዕር ለመሆን የተፈጠርኩት እኔ ነኝ አለ። ባሕር ዛፍ ደግሞ ከሁላችሁም ቀጥ ያልኩት እኔ ነኝ አለ። ብሳና ያሰበው ስለ ንጉሡ መዳፍ ነው። የንጉሡ ብዕር ከሆነ ንጉሡ ይይዙታል። ከያዙት ደግሞ እስከ ዕለተ ሞቱ እሳት አይነካውም። ለዚህ ሲል መጥቆር ቀርቶ ሰማያዊም ቢሆን አይጠላም።

ዓርብ ጠዋት ሦስቱም እሜቴ ማሰሮ ውስጥ ገቡ። እሜቴ ማሰሮ ስትፈላ ወሬዋ አያልቅም። እኔ ጋ ገብቶ ያልጠቆረ የለም፣ እዚህ ቤት ዘር የምሰጥ እኔ ነኝ፣ አጥር ሆኖ የገባውን መኳንንት አድርጌ አወጣዋለሁ ትላለች። እውነቷን ነው፤ ወደ ማታ ሲወጡ ሦስቱም ከሰል መስለዋል። ቅዳሜ ደግሞ ጊዜ የለም ተብሎ ምድጃው ዳር ተደርድረው በእሳት ሲደርቁ ዋሉ። የቤቱ ማገዶ ያን ቀን አለቀ።

ጉድ የመጣው ሲደርቁ ነው። ጽድ ገና እርጥበቱ ሳይለቀው ደጃዝማች በሉኝ አለ። አባቴ ዞጲ፣ አያቴ ዞጲ፣ እናቴም በጋብቻ ዞጲ ናት አለ። ባሕር ዛፍ በዚህ ሊበለጥ አልፈለገም፤ ራስ በሉኝ አለና ዘሩን እስከ ሰባት ትውልድ መቁጠር ጀመረ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ስም አለቀበትና የራሱን ስም ደገመው። ማንም አላረመውም፤ ሁሉም የየራሱን እያዘጋጀ ነበር።

ቀጥሎ ወደ ብሳና ዞሩ። አንተስ የማን ልጅ ነህ አሉት።

የብሳና እናት ከምንጩ ዳር የቆመች ትልቅ ብሳና ነበረች። አበባዋ ሲፈካ የአገሩ ንብ ሁሉ እሷ ላይ ይሰፍራል፤ ጥላዋ ሥር መንገደኛ ያርፋል። ብሳና ልጅ ሳለ የሚያስተኛው የንቦቹ ድምፅ ነበር። ይህን ሁሉ እያወቀ፣ እሳቱ እፊቱ እየነደደ፣ ጽድና ባሕር ዛፍ እያዩት፣ አፉን ከፈተ።

«እናቴ የቆላ ሴት ናት። ዞጲ ናት» አለ።

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ሊመልሰው ፈለገ። ሁለቱ ግን አጨበጨቡለትና ፊታውራሪ አሉት። አባ በርጩማም ከጥግ ሆኖ፣ ንጉሡ ስለ እናትህ አጫውተውኛል አለው። ብሳና ያን ቀን ሲውል ሁለተኛ በመስኮቱ ወደ ምንጩ አላየም።

እሑድ በማለዳ እትዬ ጃርት ቶርኖዋን አዘጋጅታ መሮዋን ስላ ቀረበች። መሮ ብዙ አይናገርም፤ እኔ የማውቀው ልብስ ማውለቅ ነው ይላል፣ ይኸው ነው ንግግሩ።

መጀመሪያ ደጃዝማች ጽድ ወጣ። ቶርኖው ሾረ፣ መሮ ነካው። ጽድ ቅባታም እንጨት ነውና ቀለሙ ቆዳው ላይ ተንሳፍፎ ነበር እንጂ አልገባም። አንድ ጊዜ ሲላጥ ጥቁሩ ሁሉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ወረደ፤ ከሥሩ ቀዩ ገላው ብቅ አለ። ጽድ በለሆሳስ ቁረጡኝ፣ ላይ ላዩን ብቻ ቁረጡኝ እያለ ለመነ። ብዕር ግን ቀጭን ነገር ነው፤ ላይ ላዩን ተቆርጦ ብዕር አይሆንም። እትዬ ጃርት አውርዳ ምድጃው ዳር አስቀመጠችው።

ቀጥሎ ራስ ባሕር ዛፍ ወጣ። እሱ እርጥብ ስለነበረ ቀለሙ ጠለቅ ብሎለታል። ደረቱን ነፍቶ ታያላችሁ አለ። ነገር ግን ሳይደርቅ ተነክሮ፣ ተነክሮ ደግሞ በእሳት ተጣድፎ የደረቀ እንጨት ውስጥ ውስጡን ይታመማል። ሁለት ዙር ሳይሾር ከጫፍ እስከ ጫፍ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ሰባቱ ትውልድ በአንድ ጊዜ ለሁለት ተከፈለ። እሱም ምድጃው ዳር ተቀመጠ።

ብሳና ቀረ። ቶርኖው ላይ ታሰረ። መሮ ነካው፤ ጥቁሩ ወረደ። ሁለተኛ ነካው፤ ግራጫው ወረደ። ሦስተኛ ነካው፤ ከሥሩ ያ የድሮው ነጭ ገላው ወጣ። ደርቆ የከረመ እንጨት ነውና አልተሰነጠቀም፣ አልጠመመም፤ ሸንቃጣ ብዕር ሆነ። ግን ነጭ ብዕር። ብሳና ራሱን ባየ ጊዜ ወሽመጡ ተቆረጠ።

እሜቴ ማሰሮ ከምድጃው ላይ ሆና መላ አለኝ አለች። ብዕሩ አንዴ ቅርጹን ከያዘ በኋላ መልሼ ልቀባው፤ ከእንግዲህ መሮ ስለማይነካው ቢያንስ እስከ ማታ ይጠቁራል። ንጉሡ ደግሞ የሚፈርሙት በቀትር ነው። ችግሩ እሳቴ ጠፍቷል። ማገዶ የለም። «እነዚያን ሁለቱን ጨምሩልኝ» አለች።

ብሳና ወደ ታች አየ። ጽድና ባሕር ዛፍ ምድጃው አፍ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ደጃዝማችነቱም ራስነቱም ጠፍቶ፣ እንደ ሁለት ልጆች ተጠጋግተዋል። ትናንት ሲዋሽ ያጨበጨቡለት እነሱ ናቸው። ያ ያለ ጥፋቱ የወረደው ወንድሙ ትዝ አለው።

«እትዬ፣ ይቅርብኝ» አለ ብሳና።

እትዬ ጃርት በደንብ ያልሰማች መሰላትና ጠጋ አለች። ነጭ ሆነህ ግቢ ብትገባ ንጉሡ እንደሚያስቃጥሉህ አታውቅም ወይ አለችው።

«አውቃለሁ። እሳት ከኔ በላይ የሚፈራ የለም። ግን በነሱ እሳት አልጠቁርም።»

እትዬ ጃርት ቤቷም አደጋ ላይ እንደሆነ ታውቃለች። ቢሆንም ተነሥታ የብርጭቆ ወረቀቷን አነሣች፣ መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በልሙ፣ በመጨረሻ በደቃቁ አለሰለሰችው። ሰሙንም አውጥታ በትንሽ ጨርቅ ቀባችው። ሰሙ ብሳናን ገና ሲነካው ቆም አለ።

«ይህን ገላ አውቀዋለሁ» አለ ሰም። «ንቦቹ እኔን የሠሩት ከምንጩ ዳር ካለችው ብሳና አበባ ነው። የሷ ልጅ አይደለህም?»

ብሳና ትናንት የካዳት እናቱ ዛሬ መጥታ ስታለብሰው አየ። ነኝ አለ፤ የሷ ልጅ ነኝ። ሰሙ ገላው ላይ ተዘረጋ፤ ብሳና እንደ ቅቤ አበራ።

ከበሮ ሲመታ ብላታ ዝንጀሮ እየሮጠ መጣ። ነጩን ብዕር ሲያይ ክው ብሎ ቀረ። እትዬ ጃርት ሌላ እንደሌለ ነገረችው፣ አንድ ነገርም ጨመረችለት፤ ሰሙ ገና ትኩስ ነው፣ ሦስት ቀን እጅ ሳይነካው ካልደረቀ የነካውን ሁሉ ይዞ ይቀራል አለችው። ብላታ ዝንጀሮ ሦስት ቀን ቀርቶ ሦስት ደቂቃ የለኝም አለ። እንግዲያው እኔው ይዤው እሄዳለሁ አለችና፣ የብሳናን የተበሳ ልብ በአንዲት እሾኋ ጫፍ ላይ ሰክታ፣ ማንም ሳይነካው ይዛው ወጣች። በመንገድ ላይ ብሳና እሾኋን አስተውሎ አየ። ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ ነው። ይህችን ሴት በዚህ መልኳ ማንም ነውር ብሏት አያውቅም።

አደባባዩ ሞልቷል። ዝሆን አለ፣ ጅብ አለ፣ ጥንቸል አለች፤ ሁሉም የሌላውን ቀለም እየሰረቀ ያያል። ንጉሥ አንበሳ ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ጥርሳቸው ሳስቷል፣ ጎፈራቸው ግን እንደ ጎረምሳ ጎፈር ጥቁር ነው፤ በአገሩ ሁሉ የሚደነቀው እሱ ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ንጉሡ ነጩን ብዕር አዩና ፊታቸው ተለዋወጠ። እኔ ያዘዝኩት ጥቁር ነው አሉ። ብላታ ዝንጀሮ ፈጠን ብሎ ዞጲ ነው ጃንሆይ አለ፤ ነጭ ዞጲ፣ በጣም ብርቅ የሆነ። ንጉሡ ነጭ ዞጲ አለ ወይ አሉ። ብላታ ዝንጀሮ አለ፣ በመቶ ዓመት አንዴ ይበቅላል አለ። ንጉሡ እርግጠኛ ነህ ወይ አሉ። ብላታ ዝንጀሮ ሲበቅል በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ማለ። ንጉሡ አላመኑትምና ወደ ብዕሩ ዞሩ።

«አንተ ራስህ ተናገር። ዞጲ ነህ?»

ብሳና አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅበት። አዎ ካለ ንጉሡ ይይዙታል፤ ከያዙት ለዘላለም ድኗል። የፈለገው ሁሉ ከአንድ ቃል ወዲያ ነው ያለው።

«አይደለሁም ጃንሆይ። ብሳና ነኝ፤ እናቴ ከምንጩ ዳር ያለችው ናት። አጥር ነበርኩ። ዓርብ ዕለት ጥቁር ነበርኩ፤ መሮ ሲነካኝ ለቀቀ።»

ብላታ ዝንጀሮ ዓይኑን ጨፈነ።  ንጉሡ ግን ከት ብለው ሳቁ። አዋጄን የገባው አንድ ብዕር ተገኘ አሉ። ያልተቀባ ብዕር፣ ቀለም አልያዘኝም የሚል ብዕር፤ የኔ አዋጅ መፈረም ያለበት በዚህ ነው አሉ። ንግግራቸው ራሳቸውን በጣም ደስ አሰኛቸው። ደስ ሲላቸው እንደ ልማዳቸው ጎፈራቸውን በመዳፋቸው ደባበሱ፣ ላባቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ ብሳናን ከእሾኋ ላይ ነቅለው ጨብጠው ያዙት።

መዳፉ ሲያርፍበት ብሳና ሊደሰት ነበር። ግን እርጥበት ተሰማው፤ ቀጥሎም ሽታ ሸተተው። ጥላሸት። የዛገ ብረት። የግራር ቅርፊት። ይህን ሽታ ያውቀዋል፣ ዓርብን ሙሉ የዋለው ውስጡ ነው።

ንጉሡ «አን» ብለው የስማቸውን መጀመሪያ ጻፉና ቀለም እስኪቀርብላቸው ብዕሩን አስቀመጡት። አደባባዩ ሁሉ አየ። በነጩ ብዕር ላይ፣ ትኩሱ ሰም ውስጥ ጠልቀው፣ አራት ጥቁር ጣቶች ታትመዋል።

 ዝሆን ሰማዩን አየ። ጅብ ሆዱን አከከ። ጥንቸል የገዛ እግሯን ዛሬ ገና እንዳየችው ሁሉ ትመረምር ጀመር። ንጉሡ መዳፋቸውን አዩት፣ ብዕሩን አዩት፣ በግንባራቸው ላይ የሚወርደውንም ጥቁር ላብ ጠረጉት፤ ሲጠርጉት ባሰ።

«ይቃጠል» አሉ።

 እትዬ ጃርት ግን ወደፊት ራመድ አለች፣ እጅ ነሣች።

«ጃንሆይ፣ እጅዎ ያረፈበት ነው» አለች።

ንጉሡ ወደ ብላታ ዝንጀሮ ዞሩ። ሕጉን የጻፈው እሱ ነው፤ በየገበያው ሦስት ጊዜ ያስነገረውም እሱ ነው። ሕጉ እንደዚያ ይላል ጃንሆይ አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እንግዲያው ይታጠብ አሉ ንጉሡ። እትዬ ጃርት ሰሙ ትኩስ እንደነበረ፣ ቢታሽ ቀለሙ ጭራሽ ወደ ውስጥ እንደሚገባ አስረዳች፤ ሦስት ቀን ይድረቅ ብዬ ነበር፣ ጊዜ የለም ተባልኩ አለች። እንግዲያው ይቀባ፣ ሙሉውን አጥቁሩት አሉ ንጉሡ። ብላታ ዝንጀሮ ቀስ ብሎ ወደ አዋጁ ጠቆመ። የተቀባ ሁሉ ይባረር የሚለው አዋጅ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ የንጉሡ ስም ግማሹ ተጽፎበታል። ስሙ ከሞላ መጀመሪያ ከበሩ የሚወጣው ማን እንደሆነ ንጉሡ ሳይነገራቸው ገባቸው።

ስለዚህ አዋጁ ለተጨማሪ ጥናት ይቆይ አሉ። አጥኚ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀመንበሩ ብላታ ዝንጀሮ ሆነ። እስከ ዛሬ እያጠኑ ነው።

ብሳና በመጣበት እሾህ ላይ ተሰክቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በደረሰ ጊዜ ጽድና ባሕር ዛፍ ምድጃው ዳር እንደ ተቀመጡ አገኛቸው፤ በሕይወት ያቆየኸን አንተ ነህ፣ ይቅር በለን አሉት። እትዬ ጃርት ጽድን በቀይ መልኩ ብዕር አደረገችው፤ ይኸው ሽታው ብቻ ገዢ ይጠራል። የተሰነጠቀውን ባሕር ዛፍ በኮላ አጣብቃ ለመሮ እጀታ አደረገችው፤ አሁን የሌላውን ልብስ የሚያወልቀው እሱ ነው፣ ዘር ቆጠራውንም ትቷል። እሜቴ ማሰሮ ግን ወሬዋን ቀነሰች፤ ያ ቅል ሐሙስ ሐሙስ መምጣቱ ቀርቶ በሳምንት ሁለት ጊዜ መጥቶ ይሞላ ጀመርና ፋታ አጣች።

ብሳና ከአባ በርጩማ አጠገብ ተቀመጠ። አባ በርጩማ አንድ ጭረቱን ከአራቱ ጣቶች ጋር አስተያይቶ ለሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን የዚህ ልጅ አጎት ነኝ ማለት ጀመረ። ብሳና ተወው። እሳቱ ሲነድ አሁን አይፈራም፤ በመስኮቱ አሻግሮ ምንጩን ማየት ተመልሶለታል፣ አበባ ሲፈካ የንቦቹ ድምፅ ይሰማዋል።

ብዕር ሊያሠሩ የሚመጡ እንስሳት መጀመሪያ እሱን ያያሉ። አራቱን ጣቶች ያያሉ፣ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፣ አንድም ቃል አይናገሩም። ከዚያ ወደ እትዬ ጃርት ዞረው፣ የኔን ቀለሙን ተይው፣ እንዳለ ይሁን ይሏታል።

ልብ ያልደረሰ ቀለም መጀመሪያ የነካው እጅ ይዞት ይሄዳል። እንጨትም ቢሆን፣ ንጉሥም ቢሆን።

ተረቴ ይኸው ነው፤ ሰሙን ቀብቼዋለሁ፣ ሳይደርቅ እንዳትነኩት። አንቺ ጥግ ያለሽው፣ አሁን መሳቅ ትችያለሽ። ግን አስቀድመሽ እጅሽን እዪ።